በአርማታ የተሸፈነው አደባባይ፦ የሃቫናው ፕላሳ ቪየሃ እንዴት ተመለሰ?

ሰው አደባባይ የሚገባው ሳያስበው ነው፤ ከመንገድ ወጥቶ ሁለት ሦስት እርምጃ ሲራመድ ራሱን መሐል ላይ ያገኘዋል። በሃቫና አሮጌ ከተማ የሚገኘው ፕላሳ ቪየሃ ግን አርባ ዓመት ለሚሆን ጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1952 ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠራበት። የማቆሚያው ጣሪያ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ስለቀረ አደባባዩ በቤት መሐል የተሠራ መደብ መሰለ። ወደ ላይ ለመድረስ ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። በዙሪያው ባሉት ጥንታዊ ቤቶች ቅስት ሥር የሚያልፍ መንገደኛ ማዶ ያለውን ቤት ደጅ ሊያይ ሲል አርማታው ይጋርደዋል።

እዚህ የምተርከው ያ አርማታ እንዴት እንደመጣ፣ እንዴት እንደወጣና ከወጣ በኋላ አደባባዩ የማን እንደሆነ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል፦ «ፕላሳ» የእኛ «ፒያሳ» የሥጋ ዘመድ ነው። ጣሊያኖች አዲስ አበባ ላይ ትተውልን የሄዱት ቃልና ስፔኖች ወደ ካሪቢያን ይዘውት የተሻገሩት ቃል ከአንድ የላቲን ሥር የበቀሉ ናቸው። «ቪየሃ» ደግሞ «አሮጌ» ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያን የሌለበት አደባባይ

አሮጌ የተባለው ይህ አደባባይ ሲወለድ ስሙ «አዲሱ አደባባይ» ነበር። ነገሩ የሚጀምረው ከባሕር ወንበዴ ነው። በ1555 ዣክ ደ ሶር የተባለ ፈረንሳዊ ሃቫናን ወርሮ አቃጠላት። የስፔን ንጉሥ ከዚህ በኋላ ወደቧን በደንብ ሊያስጠብቅ ቆረጠ፤ በ1558 በመጀመሪያው የከተማዋ አደባባይ አጠገብ የድንጋይ ምሽግ መገንባት ተጀመረ። ምሽጉ ያለ ወታደር አይሆንምና የጦሩ ሰዎች አደባባዩን መሰለፊያቸው አደረጉት፤ እስከ ዛሬም «የጦር መሣሪያ አደባባይ» ይባላል። ነዋሪው የሚገበያይበትና የሚሰበሰብበት ቦታ ተወሰደበት። በ1559 የከተማው ምክር ቤት ከወደቡ ትንሽ ገባ ብሎ ሌላ ቦታ ለየለት።

የዚህ አደባባይ ልዩነት ያኔውኑ ተወሰነ ብዬ አስባለሁ። የስፔን ቅኝ ከተሞች ልማድ ግልጽ ነው፦ መሐል ላይ አደባባይ፣ በአንድ ጎኑ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው የገዢው ቤት። እዚህ ሁለቱም የሉም። በአሮጌው ሃቫና ካሉት ዋና ዋና አደባባዮች ፊቱን ወደ ካቴድራል፣ ወደ ገዳም ወይም ወደ ቤተ መንግሥት ያላዞረው ይህ ብቻ ነው። ዙሪያውን የያዙት የሀብታም ነጋዴዎችና የመኳንንት መኖሪያዎች ናቸው። ከሳን ፍራንሲስኮ ገዳም ፊት ይካሄድ የነበረው ገበያም መነኮሳቱ ጫጫታው ቅዳሴያችንን አወከው ብለው አቤት ስላሉ ወደዚህ እንደመጣ ይነገራል። እንግዲህ ጸሎት በአንዱ አደባባይ፣ ሰልፍ በሌላው፣ ሽንኩርትና ሥጋ በዚህኛው መሆኑ ነው።

ሽንኩርቱም ሥጋውም ገዢ አላጣም። ከሜክሲኮና ከፔሩ ብር የጫኑ መርከቦች ወደ ስፔን ከመሻገራቸው በፊት ሃቫና ላይ ተጠባብቀው በጓድ ይነሡ ነበር። የባሕር ወሽመጡ አፍ ጠባብ፣ ውስጡ ሰፊ ነው፤ ለመርከብ የተሠራ በረት ቢባል ይቀላል። ነፋሱ እስኪመች፣ የዘገየው እስኪደርስ ድረስ መርከበኛውና ወታደሩ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይቀመጣል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይከፍላል። ከተማዋ ያደገችው በዚህ መጠባበቅ ነው።

ቤቶቹን ልብ ብሎ ያየ ይህን ሁሉ በግድግዳቸው ያነባል። ታች ሱቅና መጋዘን፣ መሐል ላይ ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል ለጸሐፊዎችና ለባሪያዎች፣ ከላይ ሰፊው ፎቅ ለባለቤቱ ቤተሰብ፤ ሁሉም በአንድ ውስጠ ግቢ ዙሪያ። ከፊት ለፊት በዓምድ የቆመ ቅስት አለ፤ መንገደኛን ከፀሐይና ከዝናብ ይከልላል። በቅስቱ ላይ ሰገነት። ከበሮቹ በላይ ግማሽ ክብ የሆኑ ባለቀለም መስታወቶች አሉ፤ የካሪቢያንን ፀሐይ ሰብረው ሰማያዊና ቀይ አድርገው ወለሉ ላይ ይጥሉታል። በደቡብ በኩል ያለው የሃሩኮ መሳፍንት ቤት፣ በ1730ዎቹ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው፣ ለዚህ ሁሉ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በዓል ሲሆን ሰገነቶቹ የቲያትር ቤት ወንበር ይሆናሉ። ኮርማ ሲገጠም፣ የሃይማኖት ሰልፍ ሲያልፍ፣ ሰው በአደባባይ ሲቀጣ ባለቤቶቹ ከላይ ሆነው ያያሉ። ለዚህ ምቾት የከፈለው ማን እንደነበረም መባል አለበት። እንግሊዞች በ1762 ሃቫናን ይዘው በማግስቱ ዓመት ሲለቁ የባሪያ ንግዱ ከፊቱ ይልቅ ተስፋፍቶ ነበር፤ ከ1791 የሄይቲ አብዮት በኋላ ደግሞ ኩባ የስኳር አገር ሆነች። የእነዚህ ቤቶች እብነ በረድና መስታወት የስኳር ገንዘብ ነው፤ ስኳሩ ደግሞ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት ነበር። ባርነት ኩባ ውስጥ የቀረው በ1886 ነው።

መሐሉ ባዶ ሆኖ አይደር

ይህን ታሪክ ሳነብ የሚያስገርመኝ፣ የመጣ መንግሥት ሁሉ የአደባባዩን መሐል ባዶ ሆኖ ማየት አለመቻሉ ነው። በ1835 የስፔኑ ገዢ ሚጌል ታኮን የግንብ ገበያ አሠራበት፤ በስፔኗ ንግሥት በክሪስቲና ስም ተሰየመ። ከዚያ ወዲህ አደባባይ ሳይሆን ገበያ አዳራሽና ዙሪያው መተላለፊያ ነው። ገበያው በ1908 ፈረሰ። ኩባ ከስፔን ተላቅቃ ሪፐብሊክ ሆናለችና ቦታው ዛፍ ተተክሎበት በነጻነት ጦርነት በወደቀው ሐኪምና ጄኔራል በሁዋን ብሩኖ ሳያስ ስም መናፈሻ ተባለ። ኋላ፣ ከአብዮቱ በኋላ፣ የስፔኑ አምባገነን ፍራንኮ ባስገደለው ስፔናዊ ኮሚኒስት በሁሊያን ግሪማው ስም ተጠርቷል። ቀደም ሲል የንጉሥ ፈርዲናንድም ስም ነበረው። ሕዝቡ ግን የክሪስቶ አደባባይ የተባለ ሌላ አደባባይ በከተማዋ ከተከፈተና «አዲስ» የሚለው ስም ወደዚያ ከሄደ ጀምሮ «አሮጌው አደባባይ» ብሎታል፤ የጸናውም ይኸው ስም ነው።

ከዚያ 1952 መጣ። ጄኔራል ባቲስታ ኩባ ውስጥ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘበት ዓመት ነው። ሃቫና በአሜሪካ መኪና ተጥለቅልቃለች፤ የአሮጌው ከተማ ጎዳናዎች ግን የተቀየሱት ለበቅሎና ለሠረገላ ነው። የባንኩና የንግዱ ሠፈር ቅርብ ነው። መኪና የት ይቁም ለሚለው ጥያቄ መልሱ አደባባዩን መቆፈር ሆነ። በጣሪያው ላይ መቀመጫና ትርዒት ማሳያ ቦታ ቢሠራለትም፣ ከመንገዱ ተነጥሎ የወጣ ወለል እንደ ቀድሞው የሚያሻግር አልሆነም። አንድ ሰው ከሙራያ ጎዳና ወደ ቴኒየንቴ ሬይ ጎዳና ለመሄድ በመደቡ ዙሪያ መዞር ነበረበት።

ከ1978 በኋላ ለትምህርት ወደ ኩባ የተሻገሩት በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አብዛኞቹ የተማሩት በወጣቶች ደሴት ነው። ከእነሱ መካከል በእነዚያ ዓመታት በአሮጌው ሃቫና ያለፈ ሰው ካለ ያየው ፕላሳ ቪየሃ ይህን ነው፦ መሐሉ ከፍ ያለ አርማታ፣ ዙሪያው ልስኑ የረገፈ የባላባት ቤት።

ቤቶቹ ለምን እንዲያ ሆኑ? ባለቤቶቹ ከሄዱ ቆይተዋል። የከተማዋ ግንብ ከ1863 ጀምሮ መፍረስ ሲጀምር ሀብታሞቹ ወደ ምዕራብ፣ ነፋሻ ወደሆኑት አዳዲስ ሠፈሮች ወጡ። ትተዋቸው የሄዱት ቤቶች ክፍል በክፍል ተከራዩ፤ አንድ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረ ቤት በአንድ የውሃ ቧንቧና በአንድ መጸዳጃ ዙሪያ ብዙ ቤተሰብ አቀፈ። እንዲህ ያለውን ግቢ ኩባውያን «ሶላር» ይሉታል። ጣሪያው አምስትና ስድስት ሜትር ከፍታ ስላለው ነዋሪዎቹ በመሐል እንጨት ረብርበው ሁለተኛ ወለል ያወጣሉ፤ «ባርባኮአ» ነው ስሙ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቆጥ ብሎ ይረዳዋል። አንዱ ክፍል ሁለት ሲሆን የቤቱ ግድግዳና ምሰሶ ያልታሰበለትን ሸክም ተሸከመ፤ በዚያ ላይ የባሕር ጨውና ዝናብ አለ።

ከ1959 አብዮት በኋላ መንግሥት ሲሚንቶውን ወደ ገጠርና ወደ አዳዲስ ሠፈሮች ላከ። አሮጌው ሃቫና ያለ ጥገና ቀረ። እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ሐቅ አለ፦ ከ1959 በፊት የአሮጌውን ከተማ ብዙ ክፍል አፍርሶ ፎቅ የመደርደር እቅድ ወጥቶ ነበር። ቅርሱን ያተረፈው ቸልታው ነው፤ ነዋሪውን ጣሪያ ሥር በፍርሃት ያሳደረውም ያው ቸልታ ነው።

ዩኔስኮ መጣ፣ ገንዘብ ሄደ

የከተማዋ ታሪክ ጸሐፊ ቢሮ በ1938 የተቋቋመው በኤሚሊዮ ሮይግ ነው። እሱ በ1964 ሲያርፍ ሥራውን በ1967 የተረከበው ኤውሴቢዮ ሌአል የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ነበር። የመጀመሪያ ሥራው አንዱን የቀድሞ የገዢዎች ቤተ መንግሥት አድሶ ሙዚየም ማድረግ ሲሆን ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጀበት። ሌአል ተናጋሪ ሰው ነበር፤ ግራጫ ልብሱን ለብሶ በአሮጌው ከተማ በእግሩ ሲዞር የማያውቀው አልነበረም።

በ1982 አሮጌው ሃቫናና ምሽጎቿ በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲያ ዩኔስኮ በተለይ ለፕላሳ ቪየሃ የዓለም ማኅበረሰብ እንዲረዳ ጥሪ አቀረበ። አንዳንድ ቤቶች፣ የሃሩኮው ቤት ጨምሮ፣ ታደሱ። ችግሩ ግን የሥራው ስፋት ነበር። ታሪካዊው ማዕከል 214 ሄክታር ገደማ ነው፤ ያኔ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበት ነበር። አንድ ቤት ተጠግኖ እስኪያልቅ ሁለት ይፈርሳል።

በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትበተን ኩባ ነዳጅም፣ ስንዴም፣ ብድርም አጣች። ያንን ጊዜ መንግሥት «ልዩ ዘመን» አለው፤ መብራት ጠፋ፣ አውቶቡስ ቆመ፣ ሰው ከሳ። ለጥንታዊ ቅስት ሲሚንቶ የሚሰጥ ማን አለ? በ1993 በአደባባዩ ማዕዘን ላይ የቆመው የሳንቶ አንሄል ትምህርት ቤት የነበረ ቤት ተደረመሰ። ዩኔስኮ በስሙ የእርዳታ ጥሪ ባቀረበለት አደባባይ ላይ መሆኑ ነገሩን አሳፋሪ አድርጎታል።

በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ የወጣው የሕግ ድንጋጌ ቁጥር 143 ነው የዚህ ጉዳይ ማጠፊያ። ሌላው ሁሉ ነገር በማዕከል በሚታቀድባት አገር ውስጥ የታሪክ ጸሐፊው ቢሮ ከሚኒስቴር ወጥቶ በቀጥታ ለመንግሥት ምክር ቤት ተጠሪ ሆነ፤ በአሮጌው ከተማ ውስጥ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍቶ በውጭ ምንዛሪ መነገድ፣ በክልሉ ከሚሠሩ ድርጅቶች መዋጮ መሰብሰብና ያገኘውን እዚያው መልሶ ማዋል ተፈቀደለት። በ1994 ለዚህ የተቋቋመው ኩባንያ ሃቫጓኔክስ ተባለ፤ የቀድሞ የአካባቢው ነባር ሕዝብ አለቃ ስም ነው። አካሄዱ ቀላል ነው፦ አንድ ሆቴል አድስ፣ ቱሪስት አስገባ፣ ትርፉን ወስደህ ቀጣዩን ቤት አድስ።

አርማታውን ማውጣት

ፕላሳ ቪየሃ ላይ ግን ዙሪያውን ማደስ ብቻ አይበቃም ነበር፤ መሐሉ መደብ ሆኖ እስከቀረ ድረስ የታደሰው ቤት ሁሉ የሚያየው አርማታ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመኪና ማቆሚያው እንዲፈርስ ተወሰነ። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ማቆሚያው በፌሮ የተሳሰረ፣ ገና የሚያገለግል ግንባታ ነው፤ ከእሱ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ መሠረታቸው ድንጋይና ኖራ የሆነ፣ በእንጨት ድጋፍ የቆሙ፣ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች አሉ። ብርቱ ንዝረት ቢነሣ ለማን እንደሚብስ መገመት አያዳግትም። እንዲያም ሆኖ ፈረሰ፣ ጉድጓዱ ተሞላ፣ ወለሉ ወደ መንገዱ ከፍታ ወርዶ ድንጋይ ተነጠፈ።

በእኔ ግምት ከጠቅላላው ሥራ ደፋሩ ውሳኔ ይህ ነው። አገር በተራበበት ዘመን የሚያገለግል ነገር አፍርሶ በቦታው «ምንም» መትከል ለማስረዳት ያስቸግራል። ከ1835 ጀምሮ የመጣው ሁሉ መሐሉን ሲሞላ ኖሮ፣ ባዶነቱን የመለሰለት የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ፍጹም ባዶ አልተዉትም። የቀድሞውን የሚመስል የነጭ እብነ በረድ ፏፏቴ መሐል ላይ ተሠራ። ፏፏቴው ግን ለብዙ ዓመታት ከሰው ቁመት በላይ በሆነ የብረት አጥር ተከቦ ቆመ። ውሃ በቦቴ በሚጠበቅበትና ሕፃናቱ በሙቀት በሚንገላቱበት ሠፈር መሐል የተከለለ ውሃ! አርማታውን ለማውጣት ያን ያህል ከደከሙ በኋላ አጥር መትከላቸው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

የተደረመሰው ሳንቶ አንሄል ፊቱ ተመልሶ ታንጾ ምግብ ቤት ሆነ። ጎሜስ ቪላ በተባለው የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሕንፃ ጫፍ ላይ፣ 35 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የስፔኗ የካዲስ ግዛት የሰጠችው ካሜራ ኦብስኩራ ተተከለ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆነው የከተማዋን ጣሪያዎችና የተሰጣውን ልብስ በመስታወት ያዩበታል። ቡና የሚቆላ ቤት ተከፈተ፣ የራሱን ቢራ የሚጠምቅ መሸታ ቤት ተከፈተ፣ የፎቶግራፍ ማዕከልና የካርታ ጨዋታ ሙዚየም ገቡ። በ2012 ደግሞ የሠዓሊው የሮቤርቶ ፋቤሎ የነሐስ ሐውልት ቆመ፤ ራቁቷን የሆነች ሴት ትልቅ ሹካ ተሸክማ አውራ ዶሮ ላይ ተቀምጣለች። በረሃብ ዘመን ላለፈ ሠፈር ሹካ ምን ማለት እንደሆነ እያንዳንዱ ነዋሪ የራሱን ይላል።

ማን ቀረ፣ ማን ሄደ

የቢሮው መመሪያ ነዋሪውን ማስወጣት አልነበረም። በአደባባዩ ዙሪያ ታች ንግድና ሙዚየም፣ ላይ መኖሪያ እንዲሆን ታቅዶ፣ በስፔን የአንዳሉሲያ ክልል መንግሥት እርዳታ ጭምር የታደሱ መኖሪያ ቤቶች አሉ። ነገር ግን ሒሳቡ እምቢ ይላል። ብዙ ቤተሰብ በቆጥ ላይ ቆጥ ሠርቶ የኖረበት ቤት በሥርዓቱ ሲታደስ፣ ለእያንዳንዱ መጸዳጃና ማብሰያ ሲሰጠው፣ ከመጡበት ቤተሰቦች ጥቂቱን ብቻ ይይዛል። የቀሩት ወደ ምሥራቅ ከባሕር ወሽመጡ ማዶ ወዳሉ የአፓርታማ ሠፈሮች ሄዱ። አንዳንዶቹ ደረቅ ግድግዳና የራሳቸው ቧንቧ በማግኘታቸው ተደስተዋል፤ ሌሎቹ የሚሠሩትም፣ የሚሸጡትም፣ ዘመዶቻቸውም አሮጌው ከተማ ውስጥ ስለሆኑ ከአውቶቡስ እጥረት ጋር እየታገሉ ሲመላለሱ ኖረዋል። ከቀሩት መካከልም በፔሶ ደመወዝ እየተከፈለው በውጭ ምንዛሪ የሚሸጥ ቡና ቤት ፊት ለፊት የሚኖር ብዙ ነበር፤ ወንበሩ ደጁ ላይ ነው፣ መቀመጥ ግን አይችልም ነበር።

ሌላው ድክመት ሁሉም ነገር በአንድ ሰውና በአንድ ድንጋጌ ላይ መንጠልጠሉ ነው። በ2016 ሃቫጓኔክስ ከታሪክ ጸሐፊው ቢሮ ተወስዶ በጦር ኃይሉ የንግድ ድርጅቶች ሥር ገባ። ገንዘቡን የሚያመነጨው እጅና ቤቱን የሚጠግነው እጅ ተለያዩ። ሌአል በ2020 ሐምሌ መጨረሻ ላይ በ77 ዓመቱ አረፈ። በአደባባዩ ማዕዘን ላይ ያለው ፓላሲዮ ኩዌቶ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአርት ኑቮ ስልት የተሠራው፣ አንድ ጊዜ ሆቴል ቆይቶም የብዙ ቤተሰብ መኖሪያ የነበረው ሕንፃ፣ ለረጅም ዓመታት ባዶውን ቆሞ በመጨረሻ በወታደሩ የቱሪዝም ድርጅት ሥር የቅንጦት ሆቴል ሆነ። በ1558 ወታደር የመጀመሪያውን አደባባይ ስለወሰደ የተፈጠረ አደባባይ መሆኑን ላስታወሰ ሰው ነገሩ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

አንድ ነገር ግን አልተወሰደም። በአደባባዩ ላይ የአንሄላ ላንዳ ስም የተሰጠው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በሚታደሱበት ጊዜ ሕፃናቱ በሙዚየሞች ውስጥ እንዲማሩ ተደርጓል፤ መምህርቷ ጥቁር ሰሌዳዋን በጥንት ዕቃዎች መሐል አቁማ ታስተምራለች። የትምህርት ቤቱ ግቢ ጠባብ ስለሆነ የስፖርት ክፍለ ጊዜ የሚሆነው አደባባዩ ላይ ነው። ልጆቹ ቀይ ቁምጣና ቀሚስ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ የመኪና ማቆሚያው ጣሪያ በነበረበት ቦታ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣሉ፤ ቡና የሚጠጡት ቱሪስቶችም ኳስ ሲመጣባቸው እግራቸውን ያነሣሉ።